ሳይጠፋ የተላከው ማስታወሻ

ጎረቤቴ ግሬዲ በማለዳ በነጠላ ጫማ መጥቶ የቤቴን በር ሲደበድብ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ለግራም ለቀኝም አንወግንም በሚል የፖሊሲ ጥናት ተቋም ነው የሚሠራው። ሁለት ዓመት የደከመበት ጥናት «ለፖለቲካ ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ ስሙ ለሕዝብ ይገለጽ» ይላል።

«ዶሪን፣ አለቀልኝ» አለና ወጥ ቤቴ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ልማዳቸው ጥናቱን ለሁለቱም ፓርቲዎች በአንዲት ደቂቃ መላክ ነው፤ አንዱ እንዳይከፋው። ግሬዲም ትናንት እንደዚያው አደረገ፤ በጥናቱ ገጾች ጎን የተጻፉትን የውስጥ ማስታወሻዎች ማጥፋት ግን ረሳ። አንዱን የጻፈው የተቋሙ የዋናው ለጋሽ ጠበቃ ነው፦ «ለጥናት ተቋማት የሚሰጡትም ይገለጹ የሚለው ይሰረዝ። ደንበኛዬ ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም።» ከሥሩ ግሬዲ «እሺ» ብሏል።

«መቼም አዳላህ የሚልህ የለም» አልኩት።

«አትቀልጂ። ዛሬ ያባርሩኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«ማነው ለጋሹ ሰውዬ?»

«እሱን መናገር አልችልም።»

«ጥናትህ ተናገሩ አይደል እንዴ የሚለው?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ቁጥሩን አይቶ «ከጋዜጣ ነው» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጥሪው ሊቆም ሲል አነሳው።

«አዎ፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ የለጋሹን ስም ተናገረ። ድምፁ ስለተቆራረጠ ጋዜጠኛዋ አልሰማችውም፤ ፊደል በፊደል ደገመላት።