አልጋው የተመለሰበት ክፍል

ኢሜልዳ ግራንት የሟች ልጇን አልጋ ወደ ቀድሞ ቦታው የመለሰችው በጠራራ ፀሐይ፣ በሯን ቆልፋ፣ ብቻዋን ነው። ማንም አላወቀብኝም ብላ ታምን ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ያን ዕለት ያ ከባድ የእንጨት አልጋ በሲሚንቶው ወለል ላይ ሲንቋቋ ሰፈሩ በሙሉ ሥራውን አቁሞ ሲያዳምጥ እንደ ነበር የነገራት የለም። አልጋ ሲጎተት የማይሰማ ጎረቤትማ ምኑን ጎረቤት ሆነ።

ትሬላውኒ ተራራ ላይ ሰው ሲሞት፣ በዘጠነኛው ቀን ለቀስተኛው ተሰብስቦ እየዘመረ የሟቹን ክፍል ይገለብጠዋል። አልጋው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ቁም ሳጥኑ ፊቱን ያዞራል፤ መጋረጃው ይለወጣል። ሟቹ ተመልሶ ሲመጣ "ይሄማ የኔ ቤት አይደለም" ብሎ ወደሚሄድበት እንዲሄድ ነው። ታሞያ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስትሮጥ ወድቃ በቀረች ጊዜም ይኸው ተደረገ። ያስደረጉት የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ አለቃ ሚስ ፐርሊን ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ቁም ሳጥን ብቻቸውን ይገፋሉ። ኢሜልዳ ግን ሦስት ቀን ታገሠችና ሁሉንም እንደ ነበረ መለሰችው። ልጄ ብትመጣ ቤቷን ትጣ እንዴ፣ አለች በሆዷ።

ታሞያም መጣች። ድሮ ከልምምድ በምትመለስበት ሰዓት፣ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከክፍሉ ውስጥ አንድ ጫማ ወለሉ ላይ ዱብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ዱብ ይላል። ከዚያ የአልጋው ሽቦ ሲጥ ይላል። ኢሜልዳ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ድምፅ ስትሰማ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ ታነሣና በቀስታ "መጣሽ?" ትላለች። መልስ ጠብቃ አታውቅም፤ መምጣቷ ብቻ ይበቃት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረች፤ ልክ ሊለኩ የመጡ ደንበኞቿም ለማን እንደምታወራ ግራ እየገባቸው፣ ዝም ብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ይቆሙላት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ታናሺቱ ልጇ ኬሪሻ መሮጥ ስትጀምር ነው። ኬሪሻ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ አልጋ ትተኛለች። ቀንድ አውጣ ስትከተል የምትውል ልጅ ነበረች፤ እናቷ ራሷ "ቀንድ አውጣዎቹም ይቀድሟታል" እያለች ትስቅባት ነበር። ዘንድሮ ግን በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ለማንም ሳትናገር ስምንት መቶ ሜትር ገባችና፣ በሁለት ዓመት የሚበልጧትን ሁሉ ከኋላዋ አስከትላ ጨረሰች።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አሰልጣኝ ዌደርበርን ኮፍያውን በእጁ ይዞ ኢሜልዳ በር ላይ ቆመ። ታሞያ ከወደቀች ወዲህ ይህ ሰው ፊሽካ አንገቱ ላይ አያንጠለጥልም፤ ልጆቹን የሚጠራው በጭብጨባ ነው። ወንበር ተሰጠው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ቦዬው ሰብል አወራ፣ ዘንድሮ ትል እንዳልገባበት አወራ። በመጨረሻ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ታሞያ ከወደቀችበት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ደንብ አውጥቷል፤ ለትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና የሚሰለጥን ልጅ የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል። በቤተሰቡ የልብ ነገር ካለ ደግሞ የልብ ሐኪም ፊርማ ይጨመራል።

"ልጅቷ ስጦታ አላት፣ ሚስ ግራንት" አላት።

"እህቷም ነበራት።"

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። ከዚያ ለሁለት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረውን ተናገረ፤ ሩጫው አይደለም የገደላት፣ ሐኪሞቹ ልቧ ነው ብለዋል፣ ደረጃ ስትወጣም ሊሆን ይችል ነበር አላት።

"ደረጃ ላይ 'አንድ ዙር ብቻ ቀረሽ' የሚላት አልነበረም" አለች ኢሜልዳ።

ያን ቃል የተናገረው እሱ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ኢሜልዳ ጀርባውን እያየች ፊቷ በሃፍረት ጋለ። ያን ቀን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ልጅቷን "ሂጂ" እንዳላት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረችና።

ወረቀቱ ሳምንት ሙሉ እዚያው ዋለ። ሰፈሩ ግን ሥራ አልፈታም። ሱቅ በራፍ ላይ አንዱ የልጅ ቦታው ደብተር ነው ይላል፤ ሌላው የባሪንግተን ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ እጁን ሰበረ፣ እንግዲህ ማንጎውን ሁሉ እንቁረጠው ወይ ይላል። አንዷ በሩጫ አሜሪካ ገብታ ለእናቷ ባለ በረንዳ ቤት የሠራችውን ልጅ ትጠቅሳለች፤ ሌላዋ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ልጅ ከሌለ በረንዳው ለምን ይበጃል ትላለች። የማይመለከተው ሰው ሁሉ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነበረው። ሐሳብ ያጣችው የሚመለከታት ብቻ ናት።

ሐሙስ ዕለት የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ፣ ከቦዬው እርሻ በላይ ካለው መንገድ ቁልቁል ሜዳውን አየች። ለስፖርት ክፍለ ጊዜ የወጡት ልጆች እየዞሩ ነው። ኬሪሻን በቀላሉ ለየቻት፤ ወዲያው ግን እንዳልለየቻት ገባት። ያየችው የግራ ክንድ ነበር፤ ሰብል ላይ የገባች ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ወደ ውጭ የሚወረወር ክንድ። እንዲህ የሚሮጥ ሌላ ሰው በዚያ ተራራ አልነበረም፤ ታሞያ ብቻ ነበረች። ታሞያ ይህቺኛዋንም ልትወስዳት ነው፣ አለች ኢሜልዳ በሆዷ። የጠራኋት እኔ ነኝ፣ አልጋውን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ።

ልብሱን ለባለቤቱ ሳታደርስ በቀጥታ ሚስ ፐርሊን ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ፍየላቸውን እያሰሩ ነበር። አልጋውን መልሻለሁ ብላ ስትናዘዝ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመጪ እየጠበቅኩሽ ነው" አሏት።

"ያውቁ ነበር?"

"ልጄ፣ ያ አልጋ ሲጎተት ይቺ ፍየል እንኳ ደንግጣ ገመዷን በጥሳለች።"

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉን እንደ ገና ገለበጡት። ሚስ ፐርሊን እየዘመሩ ቁም ሳጥኑን ገፉ፤ ኬሪሻ የአልጋውን ጫፍ ይዛ፣ እናቷን በዓይኗ እየሸሸች፣ ቃል ሳትተነፍስ ረዳች። ሲያበቁ አሮጊቷ አልሄዱም፤ ሰዓቱ ሲደርስ እዚሁ ሆኜ ልስማ ብለው ወደ ሌላው ግድግዳ የተዛወረው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ኢሜልዳ ከመኪናዋ ኋላ ሆና ጠበቀች። አሥር ሰዓት ሆነ።

ዱብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ዱብ አለ። ሽቦው ሲጥ አለ።

ኢሜልዳ ብድግ ብላ ገባች። ሚስ ፐርሊን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተቀመጡ ናቸው።

"ሰሙ?"

"ምንም አልሰማሁም" አሉ ሚስ ፐርሊን። ለወትሮው ከአፋቸው የማይጠፋው የማሾፍ ቃና ያን ጊዜ አልነበረበትም። "እንግዲያው ክፍሉ ውስጥ አይደለችም። ያለችው አንቺ ጋ ነው። ምኗን ነው የያዝሽባት?"

ኢሜልዳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የያዘችውን ግን ታውቀዋለች። ታሞያ የወደቀች ዕለት ጠዋት፣ የበቆሎ አጥሚቷን ሳትጨርስ ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ልቤ እንደ ታሰረች ዶሮ ይንፈራገጣል፤ ትናንት ስሮጥም እንዲሁ ሆኖብኝ ዓይኔ ጨልሞ ነበር" ብላት ነበር። የዚያን ቀን ደግሞ ለነፃ ትምህርት ሯጮች የሚመርጥ ሰው ከአሜሪካ መጥቶ ሜዳው ላይ ይቀመጣል ተብሏል። ኢሜልዳ የልጅቷን አንገትጌ አስተካከለችና፣ "ፍርሃት ነው። ሩጫ ስትጀምሪ ይለቅሻል። ሂጂ" አለቻት። በኋላ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከዚህ በፊት ያመማት ነገር ነበር ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ ምንም አለች። ምንም ተብሎ ተጻፈ። ምንም ተብሎ ተቀበረ።

ሰኞ ኬሪሻን ይዛ ሞንቴጎ ቤይ ከተማ ወደምትገኝ የልብ ሐኪም ወረደች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሄደችው ሐኪሟ እምቢ እንድትልላት ነው። ልጅን መከልከል ከባድ ነው፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ቢከለክልልን ሁላችንም ደስ ይለናል።

ዶክተር ለምስደን ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። የኬሪሻን ደረት በሽቦ አስራ ልቧን ወረቀት ላይ አስሣለች። ማዳመጫዋን ከፊትም ከኋላም አስጠጋች። ከዚያ የአሰልጣኙን ወረቀት ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ምንም እንከን አላየሁበትም አለች። ኬሪሻ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ብርሃን ብቻ ነበር።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሣች። "የእህትሽ ፋይል ላይ ከመውደቋ በፊት ምልክት አልነበራትም ይላል" አለች ለኬሪሻ፤ ከዚያም ወደ እናትየው ዞረች። "እንዲሁ ነው አይደል፣ ሚስ ግራንት? ራሷን ያዞራት፣ ልቧ የመታት ጊዜ አልነበረም?"

አዎ፣ እንዲሁ ነው ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት የለመደችው ቃል ነው፤ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ሥቃ ትወጣለች፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ አሰልጣኙ ያጨበጭባል። እውነቱን ከተናገረች ግን፣ አጠገቧ ሽቦ እየተፈታላት ያለችው ልጅ፣ እናቷ እህቷን እንዴት እንደ ላከቻት ዛሬ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ማዕድ እንዴት ይቀመጣል?

"ነግራኛለች" አለች ኢሜልዳ።

እስክሪብቶው ቆመ።

"ያን ዕለት ጠዋት ነግራኛለች። ልቤ ይንፈራገጣል፣ ስሮጥ ዓይኔ ጨለመ አለችኝ። ፍርሃት ነው፣ ሂጂ አልኳት።" ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም። "ሆስፒታል ሲጠይቁኝም ምንም አልኩ።"

ኢሜልዳ ኬሪሻን ማየት አልደፈረችም፤ መሬት መሬቱን አየች፣ የልጅቷን ካልሲ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለውን። የኬሪሻ እግር መወዛወዙን አቆመ።

"እኔም" አለች ልጅቷ።

ሁለቱም ዞሩ።

"ሁለት ጊዜ ጨለመብኝ። ስጨርስ።" ዝቅ ያለውን ካልሲዋን ወደ ላይ ሳበች። "ከተናገርኩ አታስሮጡኝም ብዬ ነው። እሷ ስትሮጥ በስልክ የተቀረጸችውን እያየሁ እንደ እሷ እየተለማመድኩ ነበር። ልቤም እንደ እሷ መሆኑን አላወቅኩም።"

ዶክተር ለምስደን እስክሪብቶውን ከደነች። አልተቆጣችም። እንዲህ ያለው ልብ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሥዕሉ ሲነሣ፣ ጤነኛ ይመስላል፣ የሚጋለጠው ሲሮጥ ነው አለቻቸው፤ እኛ ዘንድ፣ ማሽን ላይ፣ ሐኪም እያየው ይሮጣል። ደረት ላይ የሚታሠር የልብ ምት መመዝገቢያ አለ፤ ለምርመራ ውጭ አገር የሚላክ ደም አለ። ውጤቱ ወር ሊፈጅ ይችላል። መድኃኒት ወስደው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ተመልሰው የሚሮጡም አሉ፣ የማይመለሱም አሉ፤ የትኛዋ እንደምትሆን ዛሬ አላውቅም አለች። እስከዚያ ግን ሩጫ የለም። ወረቀቱን ሳትፈርም መለሰችላቸው።

ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሲሄዱ ኬሪሻ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄደች። ኢሜልዳ ተከተለቻት። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው። ቤቱ ተቆልፏል፤ ጫማው ዱብ ሲል የሚሰማው ሰው አይኖርም፣ "መጣሽ?" የሚላትም አይኖርም። ይህን አስባ ርምጃዋን ገታች። ልትመለስላት የሚገባትን ታሞያን ጥላት የሄደች መሰላት፤ ግን የምትሄደው ከሌላዋ ልጇ ጋር ነበር፣ ቀድማት ከምትሄደው፣ ትከሻዋ ከሚንቀጠቀጠው።

"ብትጠዪኝም" አለች ከኋላ፣ "እችለዋለሁ። ጊዜ አለኝ።"

ኬሪሻ አልዞረችም። "አልጠላሁሽም" አለች፣ ከብዙ እርምጃ በኋላ። "ግን ዛሬ አታናግሪኝ።"

ወደ ተራራው የምትወጣዋ ሚኒባስ ሞልታ መንቀሳቀስ ጀምራለች። ወያላው በር ላይ ተንጠልጥሎ በጣቱ ጠራቸው፤ ሁለት ቦታ ቀርቷል፣ ፍጠኑ። ኬሪሻ ገላዋ ቀድሟት ተወረወረች፤ የግራ ክንዷ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ራሷን ያዘች። ቆመች። አንድ እግሯን ከሌላው ፊት እያስቀመጠች መራመድ ጀመረች። እናቷም ደርሳ ጎን ለጎን ሆኑ። ሚኒባሷ በእግር ርምጃ እየተጎተተች ስትጠብቃቸው ከውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ አጉረመረመ።

"ከትሬላውኒ ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትጎተቱት?" አለ ወያላው፣ ሲደርሱ። "የሯጭ አገር ሰው ይመስክር፣ ቀንድ አውጣ ትሻላለች።"

ተሳፋሪው ሣቀ። የኬሪሻ ፊት ተለዋወጠ። ኢሜልዳ እጇን በልጅቷ ጀርባ ላይ አሳርፋ ቀድማ አስገባቻት፤ ወያላውን ቀና ብላ አየችው።

"እኔ ነኝ ቀስ በይ ያልኳት" አለች።