የሁለት መቶ ሰባ መስመር

ፋርካር ማቲሰን ሠላሳ አንድ ዓመት የሰር ጋይን አጋዘኖች ሲጠብቅና እንግዶቻቸውን ተራራ ለተራራ እየመራ ሲያሳድን ኖሮ በየካቲት ጡረታ ወጣ። በሸለቆው አዳራሽ ግብዣ ተደረገለት። ግብዣው በዊስኪ ሲሞቅ ሰር ጋይ ተነሡና በመስተዋት ፍሬም የገባ ፎቶግራፍ አስረከቡት። ፎቶው የአዲስ ጠመንጃ ነው፤ ሰደፉ ላይ የፋርካር ስም ተቀርጿል። በተቀባዩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ላይ ያልተጻፈ ጠመንጃ በእጅ ማቀበል ክልክል ስለሆነ ጠመንጃው ራሱ ከተማ፣ ኦግስተን የጠመንጃ መደብር ተቀምጧል።

«እግርህ እስከቻለ ተራራው ያንተ ነው» አሉ ሰር ጋይ በሰው ሁሉ ፊት። «እንደ አባቶቻችን ልማድ፣ በየብርዱ ወራት አንዲት አጋዘን ለቤትህ ትጥላለህ።»

ሰው አጨበጨበ። ሚስቱ ኢሽቤል አለቀሰች። የፋርካር ዓይን ግን በፎቶው ጥግ የተጻፈው ቁጥር ላይ ቀረ። አዲሱ ጠመንጃ ባለ ሦስት መቶ ስምንት ነው። የእሱ ፈቃድ ሁለት መቶ ሰባ ይላል።

ፈቃዱ «ፋርካር ጠመንጃ ይያዝ» ብሎ የሚያበቃ ወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ ጠመንጃ በአፈሙዙ ልክ በየራሱ መስመር ይጻፋል፤ ምን እንደሚታደንበትና በማን መሬት እንደሆነ ይከተላል። ከተጻፈው ልክ ውጪ ጠመንጃው ቀርቶ አንዲት ፍሬ ጥይት አይገዛም። ይህን ሰር ጋይ ያውቃሉ። ግን ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ብለው ማንንም ሳይጠይቁ ራሳቸው የሚወዱትን ልክ ገዙ። ጌቶች ሲሰጡ እንዲህ ነው፤ ልኩ የእነሱ፣ ጣጣው የተቀባዩ።

ፋርካር ግን ስጦታ የተሰጠው ሰው አሮጌውን ሙጭጭ አድርጎ መያዙ ነውር መሰለው። በሳምንቱ ከአባቱ የወረሰውን ባለ ሁለት መቶ ሰባ ጠቅልሎ ሊያስረክብ ኦግስተን ዘንድ ሄደ።

«ምነው ቸኮልክ?» አለው ኦግስተን። «አዲሱ ይጻፍልህና ከዚያ አሮጌውን ታመጣለህ።»

«ፖሊሶቹ አንድ አጋዘን ለመጣል ሁለት ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል ይሉኛል። ደግሞ ሰውዬው ከሰጡኝ በኋላ አሮጌውን ይዤ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

«አንተ ሰውዬ ይሉኝታ ይገድልሃል።»

«እስካሁን አልገደለኝም።»

ኦግስተን ትከሻውን ሰበቀና ጠመንጃውን ተረከበ፤ መተላለፉንም ፈቃዱ ላይ ጻፈ። በዚያች ቀን የሁለት መቶ ሰባ መስመር ተዘጋች። ፋርካር አዲሱ መስመር እንዲከፈትለት ማመልከቻውን ልኮ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኢሽቤል ባዶውን የጠመንጃ ሣጥን አይታ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችው። እሷ እየቀለደች ነበር፤ እሱም ስቋል።

በሚያዝያ የፖሊስ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል መርማሪ ሚስ ዳልግሊሽ መጣች። ወጣት ናት፤ ትሑት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሻይዋን እየጠጣች ማመልከቻውን ገለጠች።

«ሚስተር ማቲሰን፣ የድሮው መስመር የተሰጠዎት በሥራዎ ምክንያት ነበር። አሁን ሥራው የለም። አዲሱን ለመጻፍ የሚያድኑበት መሬት ያስፈልገኛል።»

«ተራራው አለ።»

«የማን?»

«የሰር ጋይ። በሰው ሁሉ ፊት ፈቅደውልኛል። ከፈለግሽ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠይቂ።»

«አምንዎታለሁ። ግን አዳራሹን ፋይል ውስጥ ማስገባት አልችልም» አለች፤ እሷም አፈረች። «ከባለመሬቱ አንዲት መስመር ጽሑፍና ፊርማ ትበቃኛለች። ያለዚያ ግን አዲሱንም አልጽፍም፣ አሮጌውንም መመለስ አይቻልም።»

አንዲት መስመር። ለሌላ ሰው ቀላል ነበር። በዚያ ሸለቆ ግን ከትልቁ ቤት፣ ከባለርስቱ፣ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው የለም። የፋርካር አባት ዕድሜውን ሙሉ የኖረበትን ቤት የሰጠው የሰር ጋይ አባት ቃል ብቻ ነው። አንድ አጥር ሠሪ አንድ ጊዜ «ይፈርሙልኝ» ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ከሞተ አርባ ዓመቱ ነው፣ ልጆቹ ግን እስከዛሬ «የባለ ወረቀቱ ልጆች» ይባላሉ። ወረቀት መጠየቅ ማለት «አላምንዎትም» ማለት ነው። ሞኝነት ነው ካላችሁ፣ አዎ ነው፤ የሚጠቅመው ለማን እንደሆነ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አስቦ አያውቅም።

ፋርካር ሦስት ሳምንት አመነታ። ልብሱን ለብሶ እስከ ድልድዩ ሄዶ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄዶ ተመለሰ። ማታ ማታ ቡትስ ጫማውን ቅባት ይቀባል፤ ጫማው ግን ተወልውሎ ይቀመጣል እንጂ የትም አይሄድም። ያለ ጠመንጃ ተራራ መውጣት ለእሱ ሽርሽር ነው፤ ሽርሽር ደግሞ የእንግዶች ሥራ ነው።

«ፋርካር» አለችው ኢሽቤል በመጨረሻ፣ «እኔ የሥጋው ነገር አላሳሰበኝም። አንተ እየሞትክብኝ ነው። ሂድና አስፈርም።»

ሄደ። ወረቀቱን ኢሽቤል ባማረ የእጅ ጽሕፈቷ ጽፋለት ነበር፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሰር ጋይን ከትልቁ ቤት ጀርባ ውሾቻቸውን መኪና ላይ ሲጭኑ አገኛቸው።

«ፋርካር! አንተ ሰው፣ ጡረታ ተስማምቶሃል!»

ፋርካር ባርኔጣውን አውልቆ ነገሩን አስረዳቸው። ወረቀቱንም ዘረጋላቸው። ሰር ጋይ አነበቡት። ፊታቸው በእውነት ተከፋ፤ ያ ነው ነገሩን የሚያከፋው።

«በእኔና በአንተ መሀል ወረቀት?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ። ፖሊስ ነው የሚጠይቀው።»

«እኔ ብያለሁ በላቸው።»

«ብያቸዋለሁ። የተጻፈ ነው የሚፈልጉት።»

ሰር ጋይ የመኪናውን በር ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እየው፣ ለማንም እንዳትናገር። ተራራውን ልሸጠው ነው። ገዢዎቹ የማንም መብት የሌለበት መሬት ነው የምንፈልገው ብለዋል። ጠበቃዬ ምንም ነገር እንዳልፈርም አስጠንቅቆኛል። ቃሌ ግን ቃሌ ነው፤ ታውቀዋለህ። ከአንተ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም።»

ፋርካር ነገሩ ገባው። ቃሉን በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የሰጡት ምንም ስለማያስከፍል ነው። ሊሸጡት ላሰቡት ተራራ ቃል መስጠት ማንን ይጎዳል? ይህን ሊላቸው አፉን ከፈተ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ግቢ ሲናገር የኖረ አፍ ግን የለመደውን ተናገረ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ። «አስቸገርኩዎት።»

ሰር ጋይ ይቅር አሉት። ትከሻውን መታ መታ አድርገው መኪናቸውን አስነሡ።

ቤት ሲደርስ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሚስ ዳልግሊሽ ጋ ደወለ። «መሬት የለኝም፤ ማመልከቻውን ዝጊው» አላት። እሷ የሆነ ነገር ልታስረዳው ስትጀምር አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

ኢሽቤል በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እምቢ አለህ?»

«አልፈረመም።»

«ከዚያስ? ምን አልከው?»

ፋርካር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ያን ጊዜ አወለቀ።

«ይቅርታ» አላት።

«ይቅርታ ጠየቀህ? ይቅርታ ማለትማ ምን ያስከፍለዋል።»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»