መርከቧ የያዘችው መረብ

በከተማችን ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ ባሕሩ ሲጎድል የአንዲት መርከብ ምሰሶ ጫፍ ብቅ ይላል። አያቶቻችን ወጣት ሳሉ ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ እርሻ የሚመለሱ ሠራተኞችን ይዛ መጣች፤ ዘመድ አዝማድ ባሕር ዳር ወጥቶ እያያት ከዓለቱ ጋር ተላትማ ሰጠመች። በዓለቶቹ መሃል እንዲመራት በታንኳ ሄዶ የተሳፈረው የእኛው ሰው ኤጂር ነበር። ከከተማችን ሰዎች በሕይወት የተመለሰውም እሱ ብቻ ነው። ኤጂር መንገዱን ተሳስቶ ይሁን፣ ካፒቴኑ አልሰማ ብሎት፣ የሚመሰክር አልተገኘም። ከተማው ግን ፈረደ፤ ከኤጂር ዘር ማንም የታንኳ አለቃ እንዳይሆን ተባለ።

የልጅ ልጁ ኤሱማን ከእኛ ጋር መረብ ይጎትት ነበር። አለቃችን አባካ አባቱን ያጣው በዚያች መርከብ ነው፤ ያኔ ገና በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር። ኤሱማንን የቀጠረው ጎበዝ ዋናተኛ ስለሆነ ነው። ከሥራ ውጪ ግን አያናግረውም።

አንድ ጠዋት ማዕበሉ መነሣት ሲጀምር መረባችን መርከቧ ላይ ተያዘ። ብንጎትት እንቢ አለ። ታንኳው በጎኑ ወደ ዓለቱ መዞር ጀመረ።

ኤሱማን ወገቡን በገመድ አስሮ ቢላ ያዘ። ሞተሩን የያዘው ኦቱ አላስችል አለው።

«አያትህ ያሰጠማትን አንተ ታወጣት እንደሆን እስቲ እናያለን።»

«አንተን ከላይዋ ላይ አስቀምጬ ነው የማወጣት፤ ክብደት እንዲሆናት» አለ ኤሱማን፤ ጠለቀ።

ወጥቶ ትንፋሹን ሰበሰበ። «በር ላይ ነው የተያዘው። ካልተቆረጠ አይወጣም።»

«አትቁረጠው» አለ አባካ። «አዲስ መረብ ነው። ፍታው።»

«ማዕበሉ እየገፋኝ ነው፣ አባቴ።»

«ፍታው አልኩህ።»

ኤሱማን ሁላችንንም አየን፤ ተመልሶ ወረደ።

ገመዱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተወጠረና ቀጥ አለ። ጠበቅን። አንዱ መሳብ ሲጀምር ኦቱ እጁን ያዘው። «ተው፣ ብረት ይዞት ከሆነ ትገነጥለዋለህ።» ማንም የማንንም ፊት አላየም። አባካ ውሃውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ግን አይሰማም። ድንገት ሸሚዙን አወለቀ።

«እርስዎ ሽማግሌ ነዎት» አለው ኦቱ።

«ሞተሩን ያዝ» አለና ሌላ ቢላ በጥርሱ ነክሶ ገባ።

አንድ ትልቅ ማዕበል አነሣንና ወደ ዓለቱ ወረወረን። ሞተሩ ጠፋ። ኦቱ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ እየሳበ ይሳደባል፤ እኛ በመቅዘፊያ ዓለቱን እንገፋለን፤ አንዱ መቅዘፊያ ተሰበረ። እኔ በልቤ ሁለቱንም ቀብሬአቸው ነበር። በዚህ መሃል መረቡ ድንገት ላላ። ወዲያው የአባካ ራስ ብቅ አለ፤ ኤሱማንን ከብብቱ ሥር ይዞታል።

ታንኳው ውስጥ ጎትተን አስገባናቸው። ኤሱማን ብዙ ውሃ አስመለሰ። የአባካ መዳፍ በዛገ ብረት ተሸርክቶ ደሙ ይወርዳል።

«መረቡን ቆረጡት?» አለ ኤሱማን፣ ድምፁ ሲመለስለት።

«ዝም በል» አለው አባካ። እያለቀሰ ነበር።

ከተማው ይህን ሰምቶ ብዙ ተወራ። ፍርዱ ይነሣ የሚሉ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን እስካሁን አልተስማሙም።

በሳምንቱ ኤሱማንን ልጠይቅ ሄጄ ደጁ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የአባካ ታላቅ እህት ኳንሲማ በምርኩዟ ስትመጣ አየናት። የኤጂርን ቤት ደጅ ረግጣ፣ ከቤቱም ውሃ ቀምሳ አታውቅም። ኤሱማን ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ውስጧን አይተሃል?»

«ጨለማ ነው፣ እናቴ። ብዙ አይታይም።»

«አባቴ ወደ እርሻው የሄደ ቀን አንገቱን ይዤ አልለቅም ብዬው ነበር። መርከቧ ከሰጠመች ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሠራተኞቹን ታች ቆልፈውባቸው ነበር ይባላል።»

ኤሱማን ወደ ባሕሩ ዞረ።

«እኔ የተያዝኩበት በር ወደ ታች የሚያስገባው ነው» አለ። «ክፍት ነው። ወደ ውጭ ተከፍቶ እንዳለ ዝጎ ቀርቷል። መረቡንም እኔንም የያዘን ለዚህ ነው፤ መረቡን ላላቅቅ ልዘጋው ብሞክር አልዘጋ አለኝ።»

«እየማልክልኝ ነው?»

«እምላለሁ።»

ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ባሕሩን አየች።

«ውሃ ስጠኝ» አለችው።