በሩ ላይ የረጋው ጸበል

ጋሽ ዘርኣጽዮን የመኪናውን በር ቢስበው ቢስበው፣ በረዶው ግጥም አድርጎ ይዞታል። አጠገቡ ፍዮሪ እየተንቀጠቀጠች ቆማለች። ስንት ዓመት የጠበቀችው የጥገኝነት ኢንተርቪው ዛሬ ጠዋት ክሮይደን ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ በበረዶው ምክንያት ስለቆመ በመኪናው ሊያደርሳት ነው።

«ግድ የለም ልጄ» አለና ሊረጫት ያመጣውን የጸበል ጠርሙስ ከፍቶ በሩ ላይ አፈሰሰው። ዓይኑ እያየ ጸበሉ እጀታው ላይ በረዶ ሆኖ ረጋ። ዘርኣጽዮን ክው አለ። ጸበል እንደ ማንኛውም ውሃ ይረጋል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ጉድ ሠሩ? ጭራሽ አሸጉት እኮ!»

ፍዮሪ ዞር ብላ የኋላውን የሻንጣ መጫኛ ብትሞክረው ተከፈተላት። በዚያ በደህና ልብሷ እየዳኸች ገባችና በሩን ከውስጥ በትከሻዋ ገፋችው። ቷ ብሎ ተከፈተ፤ በረዶውም አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ዘርኣጽዮን ድንጋጤው አልለቀቀውም። «ጸበል... ይረጋል እንዴ?»

«ጸበልም ውሃ ነው እኮ ጋሼ! በሉ፣ ይንዱ!»

እንዲህ አለች እንጂ፣ ጎንበስ ብላ አንዱን ስባሪ አነሳችና ግንባሯ ላይ ለጠፈችው። «ውይ፣ ሲያቃጥል!» አለች። መንገድ ላይ ቀልጦ እስኪያልቅ ግን ከግንባሯ አላወረደችውም።