ያበጠው እንቁላል

"ቲቸር፣ ይሄ ሊፈነዳ ነው!"

መምህርቷ እየሮጠች ደረሰች። በሦስተኛው ቡድን ጠረጴዛ ላይ እንቁላሉ ውሃውን መጥጦ መጥጦ ብርጭቆውን ሊሞላው ደርሷል። ከሦስት ቀን በፊት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው ቅርፊቱን አሟሙተውት ነበር፤ የቀረው ስስ ሽፋኑ ብቻ ነው፤ እሱም ተወጥሮ አስኳሉን ወለል አድርጎ ያሳያል። ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ያደረው ሌላኛው እንቁላል ደግሞ ተጨማዶ ኩርምት ብሏል።

"ማንም እንዳይነካው! ለምንድን ነው ያበጠው?"

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ተማሪ አለ፤ ለወሬ ሲሆን ሃምሳ ሁለት አፍ፣ ለጥያቄ ሲሆን አንድም የለም። በመጨረሻ፣ ካልተከራከረች ምግብ የማይዋጥላትና ጓደኞቿ "ጠበቃዋ" የሚሏት ልጅ ተነሳች።

"እንቁላሉ ውስጥ ጨው አለ፣ ከውጭ ያለው ንጹህ ውሃ ነው። ውሃው ጨው ወደበዛበት ይገባል። ኦስሞሲስ።"

"ጎበዝ! የእኛ ህዋሶች ታዲያ ለምን እንዲህ አይወጠሩም?"

"ሰውነታችን የውሃና የጨውን ሚዛን ስለሚጠብቅ። ሆሚዮስታሲስ።" ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። "እሺ ቲቸር፣ አንድ ሰው ጨው እየተከለከለ ውሃ በላይ በላዩ ቢጠጣስ?"

"ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል።"

"ከአቅሙ በላይ ሲሆንስ? የአንጎል ህዋስ ሊያብጥ ነው? ራስ ቅል እኮ አይለጠጥም!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህርቷ ግን ክው አለች። ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

እናቷ የደም ግፊት አለብሽ ተብላ የሚያሸና ክኒን ከታዘዘላት አሥራ ሁለት ቀን ሆናት። ሐኪሙ ያለው "ጨው ቀንሱ" ብቻ ነበር። ቀንሱ የተባለችው መምህር ናትና ጨው የሚባል ነገር ከቤት ጠራርጋ አወጣች። ክኒኑ ውሃዋን እንዳያሟጥጥባት ብላ ደግሞ በቀን አምስት ሊትር ውሃ አዘዘች። ማዘዝ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እንደ ተማሪ መቆጣጠሪያ ሠንጠረዥ አስምራ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት። እናቷ ሆዷ እየተነፋ፣ "እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ" እያለች እየሳቀች ትጠጣለች። አንድም ቀን አላጓደለችም፤ ልጇ እንዳይከፋት።

ዛሬ ጠዋት ግን አልሳቀችም። ራሷን አሟት፣ አስመልሷት፣ ልጇን ትክ ብላ አየችና "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለቻት። መምህርቷ የእንቅልፍ ነገር ነው ብላ፣ ግንባሯን ስማት ወጣች። ክፍለ ጊዜ ረፍዶባት ነበር።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ወደ ቤት ደወለች። እቤት እናቷን የምታስታምመው አክስቷ አነሳች።

"አክስቴ፣ እማዬ እንዴት ናት?"

"ተይኝ ልጄ! የማይያዝ የማይጨበጥ ነው የምታወራው። ሥራ ላይ ነሽ ብዬ እንጂ ልደውልልሽ ነበር።"

"ውሃ ሰጥተሻታል?"

"እንዴታ! ያስመለሳትን ይተካል ብዬ ሁለት ብርጭቆ ጨመርኩላት እንጂ። ይኸው ሦስተኛውን ይዤላት ልገባ ነው።"

"ድፊው! በሞቴ አክስቴ፣ አንድ ጠብታ እንዳትሰጫት!"

"ውይ፣ ምነው? አንቺው አይደለሽ እንዴ ውሃ መድኃኒት ነው ያልሽው?"

"ተሳስቻለሁ።"

"እና ጨው በጥብጬ ላጠጣት?"

አዎ ልትል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው። እስከዛሬ በራሷ እውቀት ያዘዘችው ይበቃል። "ምንም እንዳትሰጫት። ለወንድሜ ደውይና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት።"

ታክሲው ውስጥ መኪናው ሁሉ የቆመባት መሰላት። ገደልኳት፣ በገዛ እጄ ገደልኳት፣ ትላለች በሆዷ። ተንኮል ቢሆን እንኳ ሰው ይጸጸታል፤ ደግ ሠራሁ ብሎ እናቱን የገደለ ሰው ምን ይላል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ በስሜ ትጥራኝ እያለች ትለምን ጀመር።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ገና ከሚጥል መንቀጥቀጥ ወጥታ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ታላቅ ወንድሟ አክስቷ ላይ አፍጥጧል።

"ሰው ሲቃዥ እያየሽ ቁጭ ትያለሽ? ምን ሰጥተሻት ነው? እህቴ እኮ ሐኪም ማለት ናት፣ እሷን አትጠይቂም ነበር?"

አክስቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዛ ገባች።

"ደማቸው ውስጥ ያለው ጨው በጣም ወርዷል። ልንመልሰው እንሞክራለን፤ ግን በችኮላ ከመለስነውም አንጎላቸው ይጎዳል። እንዴት እንደወረደ በትክክል ማወቅ አለብኝ። ውሃ ያበዙ ነበር?"

መምህርቷ አፏን ሳትከፍት አክስቷ ቀደመቻት። "ኧረ ምን ያበዛሉ! አንድ ሁለት ብርጭቆ፣ ሲጠማቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።" ይህን ስትል የእህቷን ልጅ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ዝም በይ ነው።

መምህርቷ ወንድሟን አየችው። ዕድሜ ልኩን በእሷ ሲኮራ የኖረ ሰው ነው። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ አክስቷ ስድቡን ችላ ትውጠዋለች። አልጋው ላይ ደግሞ እናቷ ጉሮሮዋ እየተንኮራኮረ ትተነፍሳለች።

"ዶክተር፣ አክስቴ ለእኔ ብላ ነው የምትዋሸው" አለች። "በቀን አምስት ሊትር ነው የጠጣችው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ያለ ጨው።"

ወንድሟ ዞረባት። ሐኪሟ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፈች ቀና አለች።

"ይሄን ያዘዘላቸው የትኛው ሐኪም ነው?"

"ሐኪም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ስሜን ልንገርዎትና ይጻፉት።"