የመርፌው ፕሮፌሰር

"ልትወጋው ነው ወይስ ልትቀባው?" አለችው ሚስቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና።

ቀለም ቀቢው አልመለሰላትም። የሸሚዙን ጫፍ ጠቅልሎ በአገጩ ይዞታል፤ አፉን ከከፈተ ይወርድበታል። በእንብርቱ ዙሪያ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተደረጉ ነጠብጣቦች አሉ፤ ባለፈው የት እንደተወጋ የሚያውቀው በእነሱ ነው። የደም ግፊቱን ለክቷል፣ እጁን በሳሙና ታጥቧል፣ መርፌዋንም ከፍሪጅ አውጥቶ ብርዷ እስኪለቃት ጠረጴዛ ላይ አቆይቷታል። አሁን ፋብሪካው መድኃኒቱን ሞልቶ የላካትን ያችን ቀጭን መርፌ በቀኝ እጁ ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየነቀነቃት ነው።

መነቅነቅ ያውቅበታል። ዕድሜውን ሙሉ የቀለም ጣሳ ሲነቀንቅ የኖረ እጅ ነው። ቀለም ካልተነቀነቀ ወፍራሙ ታች ይዘቅጥና ግድግዳው ላይ የሚፈሰው ውሃው ብቻ ይሆናል። መድኃኒትም ያው ነው ባይ ነው፤ የልጆች ሽሮፕ ጠርሙስ ላይስ "ከመጠቀምዎ በፊት ይነቅንቁ" ተብሎ ተጽፎ የለ? በደንብ ነቅንቆ ሲያበቃ ቆዳውን ቆንጠጥ አደረገ፣ ትንፋሹን ውጦ ወጋ፣ ቀስ ብሎ ገፋ።

"በቃ፣ አለቀ" አለ ሸሚዙን ለቆ።

"አለቀ ትላለህ፤ ፊትህ ግን ኖራ መስሏል። ትናንት ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፈህ ስታለከልክ አይቼሃለሁ።"

"መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋላ!"

"ሁለት ወር ጊዜ አይደለም?" አለችና ከንፈሯን መጠጠች። "በል ቶሎ ልበስ፤ ታክሲው ያመልጥሃል።"

ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን ያሳጥባል። የታመመ ኩላሊት ደግሞ ሰውነትን ደም ሥራ ብሎ ማዘዙን ስለሚተው፣ የደም መርፌ የሚሉት በየሳምንቱ ግድ ነው። ድሮ እዚያው እጥበት ቤት ሲስተር ትወጋቸው ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ቤታችሁ ራሳችሁ ተወጉ ተባለና አንድ ቀን ሰብስባ አስተማረቻቸው። ቀቢው ከትምህርቱ ግማሹን እንኳ አልሰማም። "ገባኝ" ማለት የሚቀናው ሰው ነው። አናጢ ሲያስረዳው ገባኝ፣ ሐኪም ሲያስረዳው ገባኝ፤ ያልገባው ነገር መኖሩን የሚያውቀው ከተበላሸ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ይባስ ብሎ ራሱ አስተማሪ ሆነ። ሲስተር ከማሽን ማሽን ስትሮጥ ስለምትውል ለጥያቄ አትመችም፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ የሚጠይቀው ሰው ሲናፍቅ ይውላል። የፈራውን ያደፋፍራል፣ መርፌ እንዴት እንደሚያዝ በእስክሪብቶ ያሳያል። ክፍሉ "ፕሮፌሰር" የሚል ስም አወጣለት። በቀልድ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

የፕሮፌሰሩ ቀንደኛ ተማሪ ከጎኑ ባለው ወንበር የሚታጠቡት እማማ ሃሎ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የማይጥማቸውን ነገር የሰሙ እንደሆነ መስመሩ እንደተቋረጠ ሁሉ "ሃሎ?" ይላሉ፤ ስሙም በዚያ ወጣላቸው። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፣ በሁለት ክፍል ቤት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ። የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጉ ቀቢው ከሚስቱ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄዶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ሚስቱ ታክሲው ያመልጥሃል ባለችው ዕለት እጥበት ቤት ሲደርስ የእማማ ሃሎ ልጅ ከወንበራቸው ራስጌ ቆሟል። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ለእናቱ የሚሳሳ፣ ሲሳሳ ግን የሚቆጣ ዓይነት ሰው።

"እማዬ፣ መርፌውን የምገዛልሽ ፍሪጅ እንድታስጌጪበት አይደለም።"

"ተወግቻለሁ አልኩህ።"

"ታዲያ ደምሽ የት ገባ? ከባለፈው ወርም ወርዷል ብለውኛል። እዚህ ሲወጉሽ ደህና አልነበርሽም? ራስሽ ተወጊ ሲባል ነው የወረደው!"

"ሃሎ? ይሰማል? ተወግቻለሁ!"

ልጁ ተነፈሰ። "መርፌ መፍራት ነውር የለውም እኮ። መዋሸቱ ነው እኔን የሚያናድደኝ። ለማንኛውም ነገሩ አልቋል። ሰዎቹ ቤትሽ ዕቃሽን እየጫኑ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነሽ፤ ሚስቴ እየቆመች ትወጋሻለች።"

እማማ ሃሎ እንዳልሰሙ ሆነው ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ። ቀቢው ግን አላስችለው አለ።

"ወንድሜ፣ እናትህ አልዋሹህም። ሲወጉ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አንድ ቀን አይተዋል፣ ጋሼ። ደሟ ግን በየወሩ ነው የሚመሰክርባት" አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወጣ።

እማማ ሃሎ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማሽኖቹ ይዞራሉ፣ ደም በቀጫጭን ቱቦዎች ይመላለሳል። ሲስተር ወረቀት ይዛ ወደ ቀቢው መጣችና ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ የእርስዎም ደም ወርዷል።"

"የኔ? እኔ እኮ አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም!"

"አምናለሁ። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ። እስቲ እንዴት እንደሚወጉ ያሳዩኝ" ብላ ባዶ መርፌ ሰጠችው።

ፕሮፌሰሩ ደስ አለው። ቱቦ ባልተሰካበት እጁ ተቀብሎ ማስረዳት ጀመረ። ከፍሪጅ አወጣለሁ፣ ብርዱ እስኪለቀው እጠብቃለሁ፣ እታጠባለሁ። "ከዚያ እንዲህ" አለና መርፌውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ።

"ቆይ፣ ቆይ። ምን እያደረጉ ነው?"

"እየነቀነቅሁ ነዋ።"

"ለምን?"

"እንዳይዘቅጥ!"

ሲስተር ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በመዳፏ አፏን ያዘች። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። "ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት አይነቀነቅም። ያስተማርኳችሁ ቀን ነግሬያችኋለሁ እኮ። እንደ እንቁላል ነጭ ይቁጠሩት፤ አንዴ ከተመታ አረፋ ነው፣ ተመልሶ እንቁላል አይሆንም። ሲነቀንቁት ይበላሻል። ሁለት ወር ሙሉ የሞተ መድኃኒት ነው ሲወጉ የከረሙት።"

ቀቢው መርፌውን መለሰላት። "ፍሪጅ ውስጥ ያሉትስ?"

"ካልነቀነቋቸው ደህና ናቸው። ከሚቀጥለው ጀምሮ ይተዉ። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ፤ ለሌላ ለማንም ግን ትንፍሽ አልልም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የፕሮፌሰርነቱን ነገር አልነካብዎትም።" አንድ ማሽን ሲጮህ ተስፈንጥራ ሄደች።

መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር። ደሙ ከፍ ያላለው በሽታው ብሶበት አይደለም፤ በእጁ ነው። እጅ ደግሞ ይታረማል። በሁለት ወር ውስጥ መሰላል ወጥቶ ጣሪያ ሲቀባ ታየው።

ወደ ጎን ሲዞር ግን የእማማ ሃሎን ነጭ ፀጉር አየ። ያን ቀን ቤታቸው ሆኖ ያላቸውን አስታወሰ። "ይነቅንቁት፣ እማማ! ይበርቱ እንጂ! ሳይነቀነቅ ከተወጋ እኮ ውሃ ነው!" እሳቸውም የነገሯቸውን የሚያጎድሉ ሴት አይደሉም። በሁለት እጃቸው ይዘው ክንዳቸው እስኪዝል ነቅንቀው ነበር። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ይላሉ። መሪው እሱ ነው፤ ገደል የገቡት ግን እሳቸው ናቸው፤ እሱን ውሸታም ያለው የለም።

ሰው ለራሱ ጠበቃ አያጣም፤ ቀቢውም አላጣም። ዝም ብልስ? አለ በሆዱ። ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። የልጅየው ሚስት መነቅነቅ አላስተማሯትም፣ በትክክል ትወጋለች፤ ደማቸው ከፍ ይላል፣ ይሻላቸዋል። ማን ምን ተጎዳ? ይሄን ሲያስብ ግን ነገሩ ዞሮ ራሱን ነከሰው። ደማቸው ከፍ ያለ ዕለት ልጁ "አየሽ፣ እማዬ? ስትወጊ ከፍ አለ" ይላል። መሻላቸው ራሱ ውሸታም መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ ቤታቸው የሚመልሳቸው የለም። አፈረ። ከበሽታውም፣ ከድካሙም በላይ ይሄ አመመው።

ቢሆንም ዝም አለ። አንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ ተወው፤ አንዴ "እማማ" አለና ተኝተው ስላገኛቸው ደስ አለው። አፍ ቢከፈት ስሙ ይሄዳል፣ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ አይኖርም፤ አንድ ቀለም ቀቢ ሆኖ ወንበሩ ላይ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ እጥበቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እማማ ሃሎ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ፕሮፌሰር" አሉ በቀስታ።

"አቤት፣ እማማ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅ።"

"ምን በወጣኝ እስቃለሁ።"

"ሰው ሳይወጋ የተወጋ ሊመስለው ይችላል?" ጣሪያውን እያዩ ነው የሚናገሩት። "ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ልጄ እንደሆነ በኔ ላይ ክፉ አያወራም። ምናልባት ወግቼ ነው የሚመስለኝ እንጂ ረስቼው ቢሆንስ? እናቴ በመጨረሻ እንዲህ ነበር ያደረጋት፤ በልቻለሁ ትላለች፣ ሳህኑ ግን አልተነካም። እኔም ወደዚያው ከሆነ እንግዲህ ብቻዬን መኖሬ ትክክል አይደለም። ልሂድለት።"

ቀቢው አንገቱን ወደ እሳቸው አዞረ። እኚህ ሴት የሺህ ሰው ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይዘው የኖሩ ናቸው። በልጃቸው መጠርጠራቸው አንሶ አሁን ደግሞ በገዛ አእምሯቸው ተጠራጠሩ፤ ያጠራጠራቸውም እሱ ነው።

"እማማ፣ አልረሱም" አለ።

"አንተማ ለማጽናናት ነው።"

መልስ ሊሰጣቸው ሲል ልጃቸው የእናቱን ካፖርት በክንዱ ይዞ ገባ። ሲስተር ቱቦውን ከክንዳቸው ነቅላ በፋሻ እየጫነችላቸው ነበር።

"ሰዎቹ ጨርሰዋል፣ እማዬ። አልጋሽ ብቻ ነው የሚቀረው። እንሂድ።"

"እሺ" አሉ እማማ ሃሎ። "ሃሎ" እንኳ አላሉም።

ያቺ "እሺ" ቀቢውን ከተጋደመበት ቀና አደረገችው።

"ወንድሜ፣ አንዴ ቁም!" ድምጹ እሱ ካሰበው በላይ ጮኾ ወጣ። ክፍሉ ሁሉ ዞረ። "እናትህ መርፌያቸውን አንድም ቀን አልዘለሉም። መድኃኒቱን ያበላሸው የኔ ትምህርት ነው። መርፌው አይነቀነቅም፤ እኔ ነኝ ነቅንቁት ያልኳቸው። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እዚህም ያስተማርኳችሁ ካላችሁ ስሙኝ፣ አይነቀነቅም! የኔም ደም ወርዷል። ይኸው ሲስተር አለች፣ ጠይቃት።"

ልጁ ወደ ሲስተር ዞረ።

"እውነት ነው" አለች። "ከተነቀነቀ ኃይል የለውም። እማማም ሲነቀንቁት ከከረሙ የተወጉት ካልተወጉት አይለይም።"

"ቀለም መስሎኝ ነው" አለ ቀቢው። ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው "በለው!" ብሎ ሳቀ፤ ሌላው "እኔም ነቅንቄያለሁ፣ ምን ጉድ ነው!" አለ። ቀቢው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እማማ ሃሎ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። "ሃሎ? እስቲ ድገመው።"

"አልረሱም፣ እማማ። በየሳምንቱ ተወግተዋል። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አንተ ቀቢ!" አሉ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልታወቀም። "ክንዴ እስኪገነጠል ነው የነቀነቅሁት እኮ! አልረሳሁም ማለት ነው?"

"አልረሱም።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ከእንግዲህ ስወጋ መጥተህ ታየኛለህ። እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ ከተህ ነው የምትቆመው።"

"እሺ፣ እማማ።"

ልጁ ካፖርቱን እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል። ቀቢውን ሊቆጣው አፉን ከፈተና ተወው፤ እሱስ ቢሆን ሁለት ወር ሙሉ እናቱን ምን ሲላት ነበር የከረመው?

"እማዬ..." አለ።

እማማ ሃሎ አላዩትም።

"እማዬ፣ ይቅርታ። ተሳስቼ ነው። ግን ብቻሽን ስትሆኚ እፈራለሁ፤ ለማንኛውም እኔ ጋ ብትሆኚ..."

"ፍራ" አሉ። "እኔም ለአንተ ስፈራ ነው የኖርኩት። ግን ቤቴ ወስጄ አልቆለፍኩብህም።"

ልጁ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ጆሮው ላይ አደረገ።

"አልጋውን ጫናችሁት?... አውርዱት። አዎ፣ ሁሉንም መልሳችሁ አስገቡ። እዚያው እቤቷ ነዋ! አልጋው የት ይሁን? ቆይ..." አለና እናቱን አየ።

"መስኮቱ ሥር በላቸው" አሉ እማማ ሃሎ ክንዳቸውን ወደ ካፖርቱ እጅጌ እየሰደዱ።