ለእትዬ ጽጌወይን የሰጠሁት ስልጠና

በእድራችን ውስጥ ኢንጂነር የሚሉት እኔን ነው። ታክሲ ነጂ ነኝ። ኮድ መጻፍ የተማርኩት ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ላፕቶፔን መሪው ላይ ደግፌ፣ ከዩቲዩብ ነው። መጀመሪያ "ኢንጂነር ሰርፀ" ሲሉኝ "ኧረ እኔ አይደለሁም" ብያለሁ። ሁለተኛም ብያለሁ። ሦስተኛው ላይ ዝም አልኩ።

በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የምንኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ ካዚኖዎች፣ ቁማር ቤቶቹ፣ ተዘጉ። ታክሲዬም ቆመች። ሳል ይዞት ቤቱን የዘጋ ሰው ሲበዛ፣ እድሩ ምግብ አብስሎ በየበሩ ለማድረስ ወሰነ። የሚያደርሰው አድናን ነው፤ ቫን አለው። ስልክ የሚቀበሉትና የሚመዘግቡት ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ጽጌወይን ናቸው። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክፍል አጽድተዋል፤ ፍራሽ ማንሳቱ ቀኝ እጃቸውን ጨርሶታል። ማውስ መጎተት አይችሉም። ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል ይይዙና በግራ እጃቸው ብቻ ይጽፋሉ። በጸሐፊነት አሥራ አንድ ዓመት ሲቆዩ አንድ ስም ጥለው አያውቁም። ይህን እሳቸው አይናገሩትም፤ ሌላ ሰው እስኪናገረው ግን ይጠብቃሉ።

ሊቀመንበሩ ጋሼ ንጉሤ ደወሉልኝ። "አንተ ኢንጂነር፣ ጽጌ በማውስ እንዳትሰቃይ አንድ ነገር ሥራ።"

ሠራሁ። ድረ ገጹ የቤተሰቦቹን ስም በተራ ይዘረዝራል፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ማስታወሻ መጻፊያ ሳጥን አለ። አድናን "ደረሰ" ብሎ ሲደውል እትዬ ጽጌወይን አንድ ቁልፍ ይነካሉ፣ አናት ላይ ያለው ስም ከዝርዝሩ ወጥቶ ከሥር "ደረሰ" ተብሎ ይቀመጣል። አድናንም ዝርዝሩን በራሱ ላፕቶፕ እያየ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። ምግቡ የሳምንት ስለሆነ፣ ከዝርዝሩ የወጣ ቤት እስከ ቀጣዩ ሳምንት አይሄድም።

የቀረኝ ቁልፉን መምረጥ ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። "ደረሰ" ስለሆነ ዲ ይሁን አልኩ። ኮንትሮልና ዲ ስነካ ብሮውዘሩ ገጹን ልመዝግብልህ ወይ አለኝ። አልትና ዲ ስነካ አድራሻ መጻፊያው ላይ ወጣ። "ወጣ" ለማለት ኮንትሮልና ደብልዩ ስነካ ጭራሽ ገጹን ዘጋው፤ ግማሽ ቀን የሠራሁት አብሮ ሄደ። አንዱ ብሮውዘር የተወውን ሌላው ይዞታል። ስለዚህ ኮንትሮሉንም አልቱንም ትቼ ዲን ብቻዋን አደረግኳት።

በማግስቱ እትዬ ጽጌወይን ደወሉ። "ሰርፀ፣ ዲ አልሠራ አለኝ።"

"ዲን ነው የነኩት እትዬ?"

"ዲ የተጻፈበትን ነው የነካሁት። እኔ ሌላ ዲ አላውቅም።"

የእሳቸው ኮምፒውተር በአማርኛ ነው የሚጽፈው። ዲን ሲነኩ የሚወጣው "ድ" ነው። የእኔ ገጽ የእንግሊዝኛዋን ፊደል ይጠብቃል፤ "ድ" ሲመጣለት አላውቅህም ይለዋል። የአድናን ላፕቶፕ ደግሞ ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይ ነው፤ ግማሾቹ ፊደሎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ የሆሳዕና ዕለት ሌላ ዘዴ አመጣሁ፦ ገጹ የወጣውን ፊደል ትቶ የተነካውን ቁልፍ ቦታ ብቻ እንዲያይ። ዲ በሦስቱም ላይ ቦታዋ አንድ ነው። እግረ መንገዴን የማስታወሻውን ሳጥን ለመልክ ብዬ በሌላ ዓይነት ቀየርኩት። ሳጥኑ ውስጥ "ሰላም ሰላም" ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልሆነም።

ጋሼ ንጉሤ "ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሁሉም ላይ ቴስት አድርጌዋለሁ" አልኩ። ቴስት ያደረግሁት በራሴ ላፕቶፕ፣ በአንድ ብሮውዘር ነው።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። በዚያ ሳምንት የማስታወሻው ሥራ ይበዛል፤ የሚጾም አለ፣ መድኃኒት ስለሚወስድ የማይጾም አለ፣ ዘይት የተወ አለ፣ እነ ሱዓድን ጾሙ አይመለከታቸውም። እትዬ ጽጌወይን ሁሉንም በአማርኛ ይጽፋሉ። በሳምንቱ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች ምግብ አልመጣልንም ብለው ደውለው ነበር። እሳቸው ይቅርታ ጠይቀው እንደገና ይመዘግቧቸዋል።

ዓርብ ስቅለት ረፋዱ ላይ አድናን ማውንተንስ ኤጅ ከሚባለው ሰፈር ደወለልኝ።

"ስማ፣ የአባባ ኃይለማርያም ስም ከሰኞ ጀምሮ 'ደረሰ' ይላል። ማነው ያደረሰው? እኔ አላደረስኩም።"

አባባ ኃይለማርያም ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ሳል ይዟቸው ቤት ከዘጉ ሳምንት ሆኗቸዋል።

"አየሃቸው?"

"ጎረቤታቸው ጋ ሳደርስ በመስኮት አየኋቸው። ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉም?"

"ጠየቅኳቸው። 'በሕማማት ስለ ሆድ ይደወላል ወይ?' አሉኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

ምግቡን ሰጥቷቸው ሄደ። እኔ ገጹን ከፈትኩና ሳጥኑ ውስጥ "ድንች" ብዬ ጻፍኩ። የእነ ገብረጻድቅ ቤት ከዝርዝሩ ወጣ። "ዳቦ" ብዬ ጻፍኩ። የእነ ሱዓድ ወጣ። ሁለቱም በዲ ነው የሚጻፉት፤ የእኔ "ሰላም ሰላም" ዲ የለውም። ሰው ማስታወሻ ሲጽፍ ገጹ ጆሮውን መዝጋት ነበረበት፤ እኔ ሳጥኑን ስቀይረው መጻፊያ መሆኑን ረሳ። እትዬ ጽጌወይን የሰው ሆድ የሚችለውንና የማይችለውን በጥንቃቄ በጻፉ ቁጥር፣ ዲን በነኩ ቁጥር፣ አንድ ቤተሰብ ጦሙን ያድራል።

በአሥር ደቂቃ አስተካከልኩት። ስሞቹን መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋቱ ከጠፋ ጥፋተኛውም አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ።

የትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ ኮሚቴው በዙም ተሰበሰበ። እትዬ ጽጌወይን ካሜራው ፊት የተቀመጡት እንደ ፓስፖርት ፎቶ ቀጥ ብለው ነው።

"ሰው ታሞ አራት ቀን ሳይበላ ቀረ" አሉ ጋሼ ንጉሤ። "ምን እንደተፈጠረ እንወቅ ብዬ ነው እንጂ ማንንም ለመውቀስ አይደለም።" ከዚህ በኋላ ወቀሳው ተጀመረ።

"እትዬ በዕድሜም…" አለች ገንዘብ ያዥዋ ውባንቺ። "እኔ እናቴን ኮምፒውተር እንዳትነካ ከልክያታለሁ።"

"እጄ ተሳስቶ ይሆናል" አሉ እትዬ ጽጌወይን። "እጄ እንደ ድሮው አይደለም።"

ጋሼ ንጉሤ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንጂነር፣ ከማሽኑ ይሆን እንዴ?"

በሩን ከፍተው ሰጡኝ። መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ማሽኑ አሁን በደንብ ይሠራል" አልኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። "ከፈለጉ ለእትዬ ስልጠና ልሰጣቸው እችላለሁ" ብዬ ጨመርኩ።

"እግዜር ይስጥህ!" አለች ውባንቺ። "እንዲህ ትሑት የሆነ ወጣት አሁን የት ይገኛል?" ወጣት የተባልኩት አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

እትዬ ጽጌወይን ስልጠናቸውን እስኪጨርሱ መዝገቡን የጋሼ ንጉሤ ልጅ ቢታንያ እንድትይዘው ተወሰነ። ቢታንያ እዚህ ተወልዳ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ነች። "አይ ሚን፣ ደስ ይለኛል" አለች፤ "ግን በአማርኛ የተጻፉትን ስሞች ማንበብ አልችልም።" ይህን እንደ ችግር የቆጠረው አልነበረም።

ረቡዕ ለስልጠናው ሄድኩ። እትዬ ጽጌወይን የጋራዣቸውን በር ከፍተው ሁለት ወንበር አራርቀው አስቀምጠዋል። ማስክ አድርገዋል፣ መነጽር አድርገዋል፣ አዲስ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ አዘጋጅተዋል። ደብተሩ አናት ላይ "ስልጠና" ብለው ጽፈው ከሥሩ አስምረውበታል።

"እንግዲህ" አልኩ፣ "ይሄ ኪቦርድ ይባላል።"

"እሱን አውቀዋለሁ። የተሳሳትኩት የቱ ላይ እንደሆነ አሳየኝ፣ እንዳልደግመው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ሰኞ ጠዋት የኃይለማርያም ስም አናት ላይ ነበር። እኔ የዕንቁን ማስታወሻ እየጻፍኩ ነበር፣ 'ድንች ብቻ' ብዬ። ድንች ስል አንድ ስም ዘለለ። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። እስቲ አሁን ልጻፈው።"

በግራ እጃቸው አንድ በአንድ ጻፉት። ምንም አልዘለለም። አጠፉትና ደገሙት። እንደገና አጠፉና ደገሙት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"አሁን ለምን አይዘልም?"

ብዙ የምለው ነገር ነበረ። ኢንተርኔቱ ልል እችል ነበር።

"አስተካክዬው ነው" አልኩ።

"መቼ?"

"ዓርብ።"

"ስብሰባው ሰኞ ነበር።"

"አዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

"እኔ አይደለሁማ?"

"አይደሉም።"

"ስልጠናው አለቀ?"

እሳቸው ቀጠሉ። "ሆቴል ስሠራ የእንግዳ ሰዓት ጠፋ ተብሎ አንድ ሳምንት ከሥራ አገዱኝ። ሰዓቱ ከራሱ ሻንጣ ወጣ። ማናጀሩ መጣና 'ተገኝቷል' አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። ተገኝቷል። አንተም አስተካክዬው ነው አልከኝ።"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔን ጋራዥ ውስጥ ይቅርታ ብትጠይቀኝ ማን ይሰማሃል? እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እዚያ ትናገራለህ። ኮንትሮል ምናምን ሳትል፣ ሰው በሚገባው አማርኛ።" ደብተሩን ወደ ጎን ገፉት። "አሁን ደግሞ የማልጽፍበትን ቁልፍ ስጠኝ። ፊደል የሌለበትን።"

የላይኛውን ረድፍ አንድ በአንድ ሞከርን። ኤፍ አንድ እርዳታ ይከፍታል፣ ኤፍ አምስት ገጹን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ኤፍ አሥራ አንድ ስክሪኑን ይሞላል። በእሳቸው ብሮውዘር፣ በእኔ ብሮውዘር ኤፍ ስምንትን ማንም አልያዘውም። ለአድናን ደውዬ እሱም ነካው፤ ምንም አላደረገም። በእንግሊዝኛም፣ በአማርኛም፣ በፈረንሳይም ቢጻፍ ኤፍ ስምንት ያው ኤፍ ስምንት ነው።

"መጀመሪያ እንዲህ ብትሞክረው ምን ያህል ጊዜ ይወስድብህ ነበር?"

"ሃያ ደቂቃ።"

"ከማጥፋቱ በፊት ደግሞ ይጠይቀኝ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ይበለኝ። አንቱ ብሎ።"

እሑድ ዙም ላይ ስልሳ አንድ ሰው ነበር። የምለውን ባኞ ቤት መስታወት ፊት ለሦስት ቀን ተለማምጄዋለሁ። "አባባ ኃይለማርያም ምግብ ያልደረሳቸው በእኔ ጥፋት ነው" አልኩ። "እትዬ ጽጌወይን አልተሳሳቱም። ሁሉም ላይ ቴስት አድርጌዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ሰኞ ስብሰባው ላይ ሳስወቅሳቸው ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።"

የሆነ ቤት ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ይሰማ ነበር። ቆመ።

"ወላሂ እኔ ለስልጠናው ልመዘገብ ነበር" አለ አድናን።

ቢታንያ መዝገቡን ዛሬውኑ እመልሳለሁ አለች። ከሁላችንም ደስ ያላት እሷ ነበረች። እትዬ ጽጌወይን "እቀበላለሁ" አሉ። ውባንቺ ካሜራዋን ዘጋች። ጋሼ ንጉሤ "እንግዲህ ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ" አሉ።

"ቆይ ንጉሤ።" ምስል ከሌለው፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ከሚታይበት ሳጥን የመጣ ድምፅ ነው። "አሁን የተናገረው ልጅ ማነው?"

"ሰርፀ ነኝ አባባ።"

"ምን እንደበላሁ ታውቃለህ?"

"አላውቅም አባባ።"

"ሰኞ ግማሽ ጣሳ በሶ ነበረኝ፤ በጠበጥኩና ጠጣሁ። ማክሰኞ ጣሳውን አጥቤ ያጠብኩበትን ጠጣሁ። ረቡዕ አንድ ሽንኩርት አገኘሁ፤ ምድጃው ጋ መቆም አቅቶኝ ጥሬውን በጨው በላሁት። ያ ሳል ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ሐሙስ ጎረቤቴ ደጁ ላይ ውሻውን ሲያበላ በመስኮት አየሁት። ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ አየሁት።"

"አባባ፣ በቃ እንግዲህ…" አሉ ጋሼ ንጉሤ።

"አልጨረስኩም። ሰርፀ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ አባባ።"

"እስቲ ድገመው።"

ከሰኞ ጀመርኩ።